ጨረቃ ልትጠልቅ ስትል የሚታይ ደብዛዛ ግርዶሽ

መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ንጋት ላይ ጨረቃ ተጋርዳ ነበር። ግርዶሹ በጉራጌ አገር ካሉት ከአታትም ሆነ ከወልቂጤ ይታይ ነበር፤ ነገር ግን በቀላሉ ዓይን የሚይዘው ግርዶሽ አልነበረም። የምድር ድፍን ጥላ የሸፈነው ከጨረቃ ወርድ 8 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው፤ ያውም ፀሐይ ልትወጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀራት።

ምድር ሁለት ዓይነት ጥላ አላት። ውስጠኛው ድፍን ነው፤ እዚያ የገባው የጨረቃ ክፍል የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ አይደርሰውም። በዙሪያው ያለው ስስ ጥላ ግን የፀሐይን ገጽ በከፊል ብቻ ስለሚከልል ጨረቃን ያደበዝዛታል እንጂ አያጠቁራትም። በዚያ ሌሊት ስስ ጥላው ከ9:41 ጀምሮ ነበር፤ አብዛኛው ሰው ቀና ብሎ ቢያይ እንኳ ልዩነቱ አይታወቀውም። ድፍኑ ጥላ 11:12 ላይ ነካት፤ 11:44 ላይ ከሁሉም ይበልጥ ገባባት፤ 12:15 ላይ ለቀቃት። ጥቂት ደቂቃ ቆይታ ጠለቀች።

የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ ሙሉ ስትሆን፣ ምድር በእሷና በፀሐይ መካከል ስትገባ ነው። ስለዚህ የተጋረደችው ጨረቃ በምዕራብ ስትጠልቅ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች። ጎሁ ሰማዩን ያነጣዋል፤ አድማስ አጠገብ ያለው የጨረቃ ብርሃንም ብዙ አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ይደክማል፣ ይቀላል። ይህ መቅላት በማንኛውም ቀን ያለ ነው፤ ከግርዶሽ ጋር መምታታት የለበትም። ጥላ በአንድ ጎን ይጀምራል፣ ጠርዙም ክብ ነው። በ2017ቱ ግርዶሽ ወደ ምዕራብ ለቆመ ሰው የጠቆረው የጨረቃ ቀኝ ጎን ነበር።

እዚህ ላይ የቆሙበት ቦታ ወሳኝ ነው። የጉራጌ ተራሮች ከአታት በስተምሥራቅ ናቸው፤ መሬቱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ግቤ ሸለቆ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ግርዶሽ ይህ ጥሩ አቀማመጥ ነው። ቡታጅራ ግን ከተራራው ማዶ ስለሆነች ምዕራቧን የዘቢዳር ተራራ ይዞታል። ጨረቃ አንድ ዲግሪ ለመውረድ 4 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል፤ ስለዚህ 5 ዲግሪ ከፍ ያለ ተራራ 20 ደቂቃ ይቀማል። በ2017 ቡታጅራ ላይ የግርዶሹን መጨረሻ ለማየት ይህ ብቻውን እንቅፋት ይሆን ነበር።

በጠራ ንጋት ሌላም የሚታይ አለ። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት በምዕራብ አድማስ ላይ ሰማያዊ ግራጫ ቀበቶ ይዘረጋል፤ ከበላዩ ሮዝ ይሆናል። ግራጫው የምድር ጥላ ነው፤ አየሩ ላይ ያረፈ። ጨረቃን የሚጋርደውም ይኸው ጥላ ራሱ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ሰማይ ላይ ማየት ታላቅ ዕድል ነው።

መስከረም 17 ቀን 2008 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት ንጋት ላይ ደግሞ ግርዶሹ ሙሉ ነበር። ጨረቃ ከ11:11 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ጥላው ውስጥ ነበረች፤ ከዚያ ሳትወጣም ጠለቀች። የጉራጌ ልጅ ከያለበት ለመስቀል አገሩ በሚሰበሰብበት ንጋት መሆኑ የማይረሳ ያደርገዋል።

ነሐሴ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ዓርብ ንጋት ላይ ሌላ የጨረቃ ግርዶሽ አለ፤ ድፍኑ ጥላ 11:33 ላይ ይጀምራል፤ ጨረቃ ስትጠልቅ ግማሽ ያህሏ ተሸፍኖ ይሆናል። ወሩ የክረምት ስለሆነ ደመና ሊያስቸግር ይችላል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የታየውን የመሰለ የፀሐይ ግርዶሽ የዓይን መከላከያ ይፈልጋል፤ የጨረቃ ግርዶሽ ግን በባዶ ዓይን ቢያዩት ጉዳት የለውም። ሰማዩ ከገለጠ ልጆቻችሁን ቀስቅሱና ምዕራቡ ወደተገለጠበት ሜዳ ውጡ።