ድንኳን ደጃፍ የቆመው ውሻ

ጨነቅ ላይ ድንኳን ተክለን ያደርንበትን ምሽት እስካሁን አልረሳውም። በሰሜን ተራሮች፣ ከባሕር ወለል 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ፀሐይ እንደጠለቀች ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። ሽሮው ተንተክትኮ እንጀራ ሊቀርብ ሲል ከጓሳው መሐል አንድ ቡላ ውሻ ብቅ አለ። ጅራቱን እንደ በትር አቁሟል፤ የማጅራቱ ጠጉር ተነሥቷል፤ አንገቱን አስግጎ ያየናል። ከኋላው ሌሎች ሁለት ተከተሉ። ከመካከላችን አንዱ ብድግ ብሎ ሊሮጥ ሲል ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ያንጠለጠለው ስካውታችን «ተው ልጄ፣ አትሩጥ! ባለህበት ቁም» አለው። ከዚያ ረጋ ብሎ ጎንበስ አለና እጁን ወደ መሬት ሰደደ። ድንጋይ አላነሣም፤ ካጠገቡም ድንጋይ አልነበረም። ውሻው ግን የሰውየው ወገብ ሲታጠፍ እንዳየ ጅራቱን ጣለ፤ ዞር ብሎም ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ።

«ጋሼ፣ ጠመንጃውን ፈርቶ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጠመንጃ ምን ያውቃል? ድንጋይን ነው የሚያውቀው» አለኝ።

እዚህች አጭር መልስ ውስጥ ብዙ ሳይንስ አለ። ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ከ14,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን የሰውን አካል ማንበብ ተክኗል፦ ዓይናችን የት እንደሚያይ፣ ጣታችን ወዴት እንደሚጠቁም፣ ትከሻችን መቼ እንደሚከብድ ያውቃል። የእኛ አገር ውሻ ደግሞ ከቡችላነቱ ጀምሮ ጎንበስ ያለ ሰው ድንጋይ እንደሚወረውር ተምሯል። ስለዚህ ድንጋዩ ባይኖርም መጎንበሱ ይበቃዋል። ታዲያ ይህ የሚሠራው ውሻው ራቅ ብሎ ሳለ ብቻ ነው። ከአጠገባችሁ ከደረሰ በኋላ ብትጎነበሱ ፊታችሁን ለጥርሱ ማቅረብ ይሆናል።

ወደ ድንኳናችን የመጣው እንስሳ ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅም ያስፈልጋል። ከከተማ የሚመጣ ሰው በተራራ ላይ ውሻ መሰል ነገር ሲያይ ሁሉንም «የዱር ውሻ» ይለዋል። በእውነት የዱር ውሻ የሚባለው ተኩላ ነው፦ ጆሮው ክብና ትልቅ፣ ገላው ጥቁር፣ ቢጫና ነጭ የተዥጎረጎረ። ቁጥሩ እጅግ ተመናምኗል፤ ሰው ሲያይም መራቅን ይመርጣል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ቀጭን፣ ረዥም እግር ያለው፣ ቀይ መልክና ነጭ ጉሮሮ ያለው የኢትዮጵያ ብርቅ እንስሳ ነው። ኑሮው በአይጥና በፍልፈል ላይ ነው፤ ሰው ላይ አይደርስም። እንዲያውም ዕድለኛ ሆናችሁ ካያችሁት ዝም ብላችሁ ቁሙና ተመልከቱት።

የሚያሰጋው ሦስተኛው ነው፤ ተራው የገበሬ ውሻ። ይህ ውሻ ባለቤት አለው፤ ግን አይታሰርም። ሌሊት ሌሊት ከጅብና ከነብር በጎችን ሲጠብቅ የኖረ ነው። እናንተ ድንኳን የተከላችሁበት ሜዳ ለእሱ የጌታው ግጦሽ ነው፤ እንግዳው እናንተ ናችሁ። ጩኸቱም በአብዛኛው የጥቃት ሳይሆን የጥበቃ ጩኸት ነው፤ አካባቢውን ለቃችሁ ቀስ ብላችሁ ስታልፉ ጩኸቱ ይበርዳል። ከእረኛው ልጅ ጋር ሰላም መባባል፣ የውሻውን ስም መጠየቅና «ያዝልን» ማለት ከማንኛውም ዱላ ይበልጣል። እረኛው አንድ ጊዜ «ክላ!» ሲለው የሚመለሰውን ውሻ እናንተ ግማሽ ሰዓት ብትታገሉት ላትመልሱት ትችላላችሁ።

ሩጫ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። የሚሸሽ ነገር ማሳደድ በውሻ ደም ውስጥ ያለ የአደን ውርስ ነው፤ ከፊቱ ስትሮጡ ጠባቂው ውሻ ወደ አዳኝነት ይለወጣል። በዚያ ላይ ማንም ሰው ውሻን በሩጫ አያመልጥም። ጎናችሁን ሰጥታችሁ ቁሙ፤ ዓይን ለዓይን አፍጥጣችሁ አትዩት፤ ለውሻ ማፍጠጥ የጠብ ጥሪ ነው። ጀርባችሁን ሳትሰጡት አንድ አንድ እርምጃ እያላችሁ ራቁ። ከዘራ፣ የጀርባ ቦርሳ ወይም የተጣጠፈ ጃኬት በእናንተና በእሱ መካከል ይሁን፤ የሚነክስ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይንከስ። መሬት ላይ ከጣላችሁ ደግሞ ተጠቅልላችሁ፣ ሁለት እጃችሁን ማጅራታችሁ ላይ አቆላልፋችሁ ፊታችሁንና አንገታችሁን ሸፍኑ። ልጆች ካሉ ይህን ቤት ሳሉ በጨዋታ መልክ አለማምዷቸው። ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ንክሻው ብዙ ጊዜ የሚያርፍባቸው ራሳቸውና ፊታቸው ላይ ነው።

የምግብ ነገር ደግሞ ሰው በደግነቱ የሚሳሳትበት ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ ካምፕ ላይ ይህ ቃል በቃል ይፈጸማል። በመጀመሪያው ማታ አጥንት የወረወራችሁለት ውሻ በሁለተኛው ማታ ድንኳናችሁን እንደ ራሱ ደጅ ይቆጥረዋል። ለሽንት የወጣውን የጎረቤት ድንኳን እንግዳ ይጮህበታል፤ አጥንቱን ከሌላ ውሻ ጋር ሲሻማ መሐል የገባውን ይነክሳል። የተረፈውን ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፤ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አድርጋችሁ መኪና ውስጥ ወይም ማብሰያ ቤቱ ጋ አስቀምጡት። አጥንትና ቆሻሻ ቢቀበርም ይቆፈራል፤ ይዞ መመለስ ነው የሚሻለው። የቆዳ ጫማም ውጭ አይደር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የውሻ ንክሻ ቁስሉ ይድናል፤ የሚገድለው ከምራቁ ጋር የሚገባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው ከውሻ ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩ የገጠር ሰዎች ሲሆኑ፣ ከእነሱም መካከል ብዙ ልጆች አሉ።

ቫይረሱ እንደ ብዙዎቹ ቫይረሶች በደም ተሳፍሮ አይሄድም። ከቁስሉ ጡንቻ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ ወደ ነርቭ ይገባል፤ ከዚያ በነርቩ መስመር፣ በቀን በሚሊሜትርና በሴንቲሜትር በሚለካ ፍጥነት፣ ወደ አንጎል ያዘግማል። በአብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል፤ አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴም ዓመት። እግሩን የተነከሰ ሰው ጉዞው ይረዝምለታል፤ ፊቱን የተነከሰው ግን ጊዜው አጭር ነው። አንጎል ደርሶ ምልክቱ ከታየ በኋላ፣ ውኃ ለመዋጥ ሲሞክር ጉሮሮው መኮማተር ከጀመረ በኋላ፣ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ዝግታው ግን ለእኛ ዕድል ነው። ክትባቱ የሚሠራው ከቫይረሱ ቀድሞ ሰውነትን ስለሚያስታጥቅ ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የ9 ዓመቱን ዦዜፍ ማይስተርን ከተነከሰ በኋላ ከትቦ ያተረፈው በዚሁ ቀዳዳ ገብቶ ነው።

ከክትባቱም በፊት ግን በእጃችሁ ያለ መድኃኒት አለ፤ ሳሙና። የቫይረሱ የላይኛው ልባስ ቅባት አለበት፤ ሳሙና ደግሞ ቅባትን ይበትናል። ተራራ ላይ እንዲህ ታደርጋላችሁ፦ የሃይላንድ ክዳን በምስማር ብሱና ጠርሙሱን ስትጨምቁት ውኃው በኃይል እንዲወጣ አድርጉ። ቁስሉን በልብስ ሳሙና አረፋ እያስያዛችሁ፣ ከሥር እስከ ጠርዝ፣ ሰዓት ይዛችሁ 15 ደቂቃ እጠቡት። ረዥም ነው፤ ያማል፤ በሦስተኛው ደቂቃ በቃ ትላላችሁ። አትቁሙ። ከዚያ አዮዲን ወይም አልኮል ቀቡት። ቡና፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ቅጠል አታድርጉበት፤ በጨርቅም አጥብቃችሁ አትሰሩት። ደሙ ቆመ፣ ጭረት ብቻ ናት ብላችሁም አትቅሩ፤ ደም ያልወጣበት ጭረትም ክትባት ያስፈልገዋል፤ የተላጠ ቆዳን የላሰ ውሻም እንደ ነከሰ ይቆጠራል።

በዚያው ቀን ጉዞውን ትታችሁ ወደ ጤና ተቋም ውረዱ። ክትባቱ በቀናት ልዩነት በተከታታይ የሚሰጥ ነው፤ አንዱንም መዝለል አይገባም። ደም ያስወጣ ንክሻ ከሆነ ከክትባቱ ጋር ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ፀረ እንግዳ አካልም ያስፈልጋል። ይህ በሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝምና ከመነሣታችሁ በፊት ደባርቅም ይሁን ጎንደር የት እንዳለ ደውላችሁ አጣሩ። ውሻው ባለቤት ካለው እንዳይገደል ለምኑ፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ከሆነ ሲነክሳችሁ ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ክትባቱን ግን የውሻውን 10 ቀን እየጠበቃችሁ አታዘግዩት።

ብዙ ቤተሰብ ከሐኪም አስቀድሞ ወደ ጠበል ወይም ወደ መድኃኒት አዋቂ ይሄዳል። ጠበሉን ተጠመቁ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ክትባቱ ግን በዚያው ቀን ይጀመር፤ አንዱ ሌላውን አያግደውም፤ ያለፈ ቀን ግን አይመለስም።

በሽታው ደግሞ ሰው ላይ ብቻ አያቆምም። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ተራሮች ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ እንደገናም በ2003፣ ከገበሬ ውሾች የተሻገረ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ መንጋቸውን ፈጀው፤ በ2003 በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛው ያህል አለቀ። ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ የሚኖር፣ ሲገናኝ አፍ ለአፍ የሚላላስ እንስሳ ነው፤ አንዱ ሲታመም ሌላውም በቀላሉ ይያዛል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች በየመንደሩ እየዞሩ ውሾችን የሚከትቡት። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል።

ስለዚህ ወደ ተራራ የምትወጡ ወዳጆቼ፣ በየካምፑ ለውሻ አጥንት እየጣላችሁ ውሾቹን ወደ ቀበሮው አገር አትሳቡ። የራሳችሁን ውሻ አስከትቡት፤ ስትሄዱም ቤት ተዉት። በቦርሳችሁ የጎን ኪስ ደግሞ አንድ ሳሙና ይኑር።