የቮልሷ የኋላ ወንበር

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ቮልሳችን ሦስት ክረምት ግቢያችን ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆመች። የመቱን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ሦስት ክረምት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የኢሉባቡር ዝናብ ሲጀምር ሰኔን አይጠብቅም፤ ሲያቆምም መስከረምን አያከብርም። ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሻግታል፣ አልጋ ሥር የተረሳ ጫማ አረንጓዴ ያበቅላል። መኪናም ከዚህ አታመልጥም።

ልጄ ከአዲስ አበባ በመጣ ቁጥር «እማዬ፣ ሽጪያትና ይገላግልሽ። ሜክሲኮ ያለው ፋብሪካ እንኳ በ1995 ዓ.ም. የመጨረሻዋን ሠርቶ አቁሟል» ይለኛል። እኔ ደግሞ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራ መኪና መለዋወጫ አያጣም እያልኩ እከራከረዋለሁ።

ክርክራችንን የቋጨው የልጅ ልጄ ነው። ስድስት ዓመቱ ነው፤ አስም አለበት። አምና ለጥምቀት መጡና መካኒክ ሞተሯን አስነሥቶልን ወደ ጎሬ ይዘነው ወጣን። ገና ሃያ ደቂቃ ሳንሄድ ደረቱ ማፏጨት ጀመረ። መኪናዋን አቁመን፣ አውርደነው፣ ሳልቡታሞሉን ነፋሁለት። ሲረጋጋ ተመልሼ ፊቱን አሳርፎበት የነበረውን ወንበር አሸተትኩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በነርስነት ሠርቼ ይህን ሳላስብ ልጁን እዚያ ላይ ማስቀመጤ አሳፈረኝ። ሻጋታና የአይጥ ሽንት ነበር።

ሻጋታ ከላይ ሲታይ ትንሽ ዱቄት ነው፤ ጉዳቱ ከውስጥ ነው። ዓይን የማያያቸው ብናኞቹ በወንበሩ ሆድ ይከማቻሉ፤ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ወንበሩ እንደ ወናፍ ያወጣቸዋል። የአሮጌ ቮልስ ወንበር ደግሞ የተሞላው በስፖንጅ አይደለም። ከሞላው በላይ ያለው በጎማ የተያያዘ የኮኮናት ቃጫ ነው፤ ሲያረጅ እየተፈረፈረ ወለሉ ላይ ቡናማ ዱቄት ይጥላል። በረኪና ብታርከፈክፉበት ላዩ ይነጣል እንጂ ውስጡ አይጸዳም፤ ሞላውንም ያዝገዋል። ያለው አማራጭ አውጥቶ መጣል ነው።

ከተማችን ውስጥ ሶፋና የመኪና ወንበር የሚያለብስ ወጣት አለ። አይቶ «ሲስተር፣ ከላይ አዲስ ሽፋን ላልብስልዎት፤ በአንድ ቀን ያልቃል» አለኝ።

«ልጄ፣ ባልታጠበ ቁስል ላይ ፋሻ ይጠቀለላል?» አልኩት። ሳቀና ቅዳሜ ሊመጣ ተስማማ።

ቅዳሜ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሰጠሁት። መሸፈኛውን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ መሥራት ሲጀምር እንደ ተለማማጅ ተማሪ ተቆጣሁት።

መጀመሪያ የፈታነው የባትሪውን ገመድ ነው። ይህን በዋዛ አላነሣሁትም። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። ወንበሩ ረግቦ፣ ወይም ከባድ ሰው ተቀምጦበት፣ ሞላው የባትሪውን ራሶች ከነካ ብልጭ ይላል፤ ከላዩ ያለው ደረቅ ቃጫ ነው። እኛም አንድ ጊዜ ሦስት ሰው ከኋላ ጭነን ከሁሩሙ ስንመለስ ጭስ ሸትቶን ዘለን ወርደናል። ባለቤቴ ወንበሩን መንጭቆ አወጣው፤ ጠባሳው ከመዳፉ ሳይጠፋ ቀረ። የባትሪው ክዳን ጠፍቶ ስለነበር ነው። ቮልስ ያላችሁ ዛሬውኑ ወንበሩን አንሥታችሁ ክዳኑ መኖሩን እዩ።

የኋላው መቀመጫ በቀላሉ ተነሥቶ ይወጣል። የፊቶቹ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተቱ ናቸው፤ የእኛ ሐዲድ ዝጎ ስለተያያዘ ዘይት ስናጠጣው ግማሽ ቀን ሄደ። ልብሱን ስታወልቁ አትቅደዱት። ዳሩን የያዙትን የብረት ጥርሶች በካቻቢቴ ማቃናት፣ የሽቦ ቀለበቶቹን በፒንሳ መቁረጥ፣ ከዚያ ስፌቱን ተርትሮ በየቁራጩ ላይ በጠመኔ ቁጥር መጻፍ ነው። የአዲሱ ልብስ ልክ የሚወሰደው ከዚያ ነው።

የኋላውን ስንገልጥ ከግራጫው ጨርቅ ሥር የመጀመሪያው ጥቁር ሌዘር ወጣ። እሱም ሲነሣ ቃጫው ላይ ሰፊ ጥቁር ቡናማ ምልክት ታየ። «ቡና ፈስሶ ነው?» አለ ልጁ።

ቡና አይደለም። በ1979 ዓ.ም. ክረምት፣ ከምሠራበት ጤና ጣቢያ አንዲት ወላድ ይዘን በሌሊት ከጎሬ ወደ መቱ ወርደናል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ጭቃ ግን የት በደረስን። ሴት ልጅ እዚያው ወንበር ላይ ተወለደች። ቀጥሎ እናቲቱ መድማት ጀመረች። በእጄ ማኅፀኗን እያሸሁ፣ ባለቤቴ እየነዳ፣ ሆስፒታል ሳንደርስ አረፈች። ሕፃኗ ተረፈች። ባለቤቴ በማግሥቱ ወንበሩን አጠበው፤ በሳምንቱ ግራጫውን ጨርቅ አሰፋበት። እሱም እኔም ስለዚያ ሌሊት ዳግመኛ አንሥተን አናውቅም። ጨርቁን የቀየረው ለማማር መስሎኝ አልነበረም፤ ግን ከሥሩ ምን እንደቀረ አስቤ አላውቅም ነበር።

ለወጣቱ የነገርኩት ግማሹን ነው። ቃጫውን ሊያቃጥለው ሲል ከለከልኩት፤ ጎማ ያለበት ጭስ ለሰፈር ልጆች ሳንባ አይሆንም። ከጓሮ፣ ከውኃ ጉድጓዱ ርቀን ቆፍረን ቀበርነው።

ሞላዎቹን በብረት ብሩሽ ፈግፍገን የዝገት መከላከያ ቀለም ቀባናቸው። ቀጥሎ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ለስላሳ ይሻላል ብዬ የፍራሽ ስፖንጅ አስገዛሁት። ብቀመጥበት እስከ ሞላው ወረድኩ፤ ይህ ማለት ባትሪውም ቅርብ ነው። እሱን ለትራስ አድርጌ ጠንካራውንና ጥቅጥቅ ያለውን ገዛን። ሽቦው ስፖንጁን እንዳይበላው በመካከል ወፍራም ሸራ አነጠፈበት። ባትሪው ላይ አዲስ ክዳን፣ ከክዳኑም በላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ አደረግን።

ልብሱን ሌዘር እንዲሆን መረጥኩ። ጋምቤላ ብኖር ጨርቅ እል ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን እርጥበት የማይጠጣና በጨርቅ የሚወለወል ይሻላል። ወጣቱ ሌዘሩን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ካለሳለሰ በኋላ ጎትቶ አለበሰው፤ እጁ ላይ እንደ ካልሲ ነው የገባለት። የማስቲሹ ሽታ ራሱ አስም ስለሚቀሰቅስ ግን በሮቹን ከፍተን አንድ ሳምንት አናፈስናት።

ለፋሲካ መጡ። ልጁን ከኋላ አስቀምጬ፣ ልጄን ከጎኔ፣ ራሴ እየነዳሁ ወደ ያዮ ወጣን፤ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበውን የዱር ቡና ደን ሊያይ ፈልጎ ነበር። ወንበር መቀየር አስም ያድናል አልልም፤ ሳልቡታሞሉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁሩሙን ስናልፍ እንቅልፍ ወሰደው። መስታወቱን ወደ እሱ አዘንብዬ የደረቱን አወጣጥ ስቆጥር ልጄ «እማዬ፣ እባክሽ መንገዱን እዪ» አለኝ።