መስታወቱ ያምራል፤ ኪራዩስ?

አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ሊያቆም የተነሳ ባለሀብት ለአርክቴክቱ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ስንት ፎቅ ይፈቀዳል? ምድር ላይ ስንት ሱቅ ይወጣል? ፊቱስ መስታወት ይሆናል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቃል፣ “ይሁን” ተብሎ ያልቃል። ወጪው ግን በዚያ ቃል አያልቅም። ህንጻው ቆሞ እስካለ ድረስ በተከራዩም በባለቤቱም ኪስ ላይ ይቆያል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለሚፈልግ ሰው ከተማዋ ራሷ ጥሩ መማሪያ ናት። ከለገሃር እስከ ልደታ ባለው መንገድ ላይ ብቻ የሰባ ዓመት የግንባታ ታሪክ ተደርድሮ ይገኛል። ለማየት ክፍያ የለውም፤ ጫማ ብቻ ይበቃል።

አንበሳውና ክቡ ባንክ

መነሻው ብሔራዊ ቴአትር ቢሆን ይመረጣል። ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት የሠሩት ይህ ቴአትር ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል በ1948 ዓ.ም. ተመረቀ። ከፊቱ የቆመው የድንጋይ አንበሳም የዚያው በዓል መታሰቢያ ሲሆን ቀራጩ ሞሪስ ካልካ ናቸው።

ዞር ሲሉ የንግድ ባንክ ክብ ህንጻ ይታያል። ይህም የሾሜት ሥራ ነው፤ የተሠራውም በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ብዙ ነጋዴ ገንዘብ ሊያስገባና ሊያወጣ ሲመላለስበት ኖሯል እንጂ ቀና ብሎ ያየው ጥቂት ነው። ክቡ አዳራሽ በአንድ ጊዜ ብዙ ደንበኛ የሚያስተናግድና መግቢያና መውጫው የማያደናግር ነው። ህንጻው መልኩን ያገኘው ከሥራው ነው ማለት ይቻላል።

ከጀርባው ደግሞ የዚያው ባንክ አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ወደ ላይ ወጥቶ ይታያል። በቻይና ተቋራጭ ተገንብቶ የካቲት 2014 ዓ.ም. ሲመረቅ በአገሪቱ ረጅሙ ህንጻ ነበር። ዙሪያውን መስታወት የለበሰ፣ ጠርዙ እንደ ተቆረጠ ዕንቁ የተሳለ ነው። በሰንጋ ተራ ዙሪያ የግል ባንኮች የየራሳቸውን ፎቅ አቁመው ሠፈሩን የገንዘብ መንደር አድርገውታል፤ አብዛኞቹም የመረጡት ልብስ ያው መስታወት ነው።

ባንክ ግን ለራሱ ሲሠራ ስሙንም አብሮ ይገነባል፤ ህንጻው ማስታወቂያው ጭምር ነው። ለኪራይ የሚሠራ ባለሀብት ባንኩን አይቶ ቢከተል ሒሳቡ ላይገጥምለት ይችላል።

ስጦታውና ጥገናው

ወደ ሜክሲኮ ወርዶ የአፍሪካ ኅብረትን ማየት ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ህንጻ ከቻይና መንግሥት የተሰጠ ሲሆን 200 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። የማማው ቁመት 99.9 ሜትር መሆኑ ኅብረቱን ለመመሥረት የተወሰነበትን ቀን፣ እ.ኤ.አ. 9/9/1999ን ለማስታወስ ነው። ቦታው ቀድሞ “ዓለም በቃኝ” ይባል የነበረው እስር ቤት የነበረበት ነው።

ከዚህ ጋር መመዘን ያለበት የአፍሪካ አዳራሽ ነው። ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፈውት፣ በ18 ወራት ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተፈረመው እዚሁ ነው። የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕልም እዚሁ ይገኛል፤ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን በሦስት ክፍል ያሳያል።

ይህን አዳራሽ ለማደስ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈቀደ። አዳራሹ ታድሶ እንደገና የተከፈተው ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። በ18 ወራት የተሠራ ህንጻ እድሳቱ ዓመታት ወሰደ። ለባለሀብት የሚተርፈው ቁም ነገር ግልጽ ነው፤ ህንጻ ሲመረቅ ወጪው አያበቃም። የተባበሩት መንግሥታት ከአባል አገሮች መዋጮ ሰብስቦ ያድሳል፤ ባለ ስድስት ፎቅ ባለንብረት ግን የሚያድሰው ከኪራዩ ነው።

ዶላር የለበሰ ግድግዳ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል። በወፍራም ግድግዳና በልከኛ መስኮት የተሠራ ቤት ያለማቀዝቀዣም ያለማሞቂያም ይኖርበታል። መስታወት ብቻ የለበሰ ፎቅ ግን ጠዋት በምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ በኩል ፀሐይ ሲያገኘው ይግላል። ተከራዩ መጋረጃ ይዘጋል፤ መብራት ያበራል፤ ማራገቢያ ይገዛል። ለብርሃን ተብሎ የተገዛው መስታወት በቀን መብራት ያስበራል ማለት ነው።

ሌላው ጉዳይ ምንዛሪ ነው። አብዛኛው የፊት መስታወትና አሉሚኒየም ከውጭ ይመጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀደም ብሎ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መዋቅሩን ጨርሶ መስታወቱን ያላስገባ ባለንብረት ያቀደው ሒሳብ በአንድ ክረምት ተናግቷል። በሊዝ የያዘው ቦታ ክፍያ ደግሞ ፎቁ እስኪያልቅ ቆሞ አይጠብቅም። ህንጻው ካለቀ በኋላም ቢሆን አንድ መስታወት ሲሰበር ምትኩ የሚገዛው በዕለቱ ምንዛሪ ነው።

ባለ ቀዳዳው ግድግዳ

ጉዞው ልደታ ላይ ቢያበቃ ያለ ምክንያት አይደለም። ልደታ መርካቶ የሚባለው የገበያ ማዕከል በባርሴሎናው አርክቴክት ዣቪየር ቪላልታ የተነደፈ ነው። ፊቱ የመስታወት ልብስ የለውም። ከኮንክሪት በተሠሩ ተገጣጣሚ ሰሌዳዎች የተሸፈነ ሲሆን ሰሌዳዎቹ ትንንሽና ትልልቅ ቀዳዳዎች አሏቸው። አደራደሩ የተወሰደው ከአገር ልብስ ጥለት ነው። ቀዳዳዎቹ ብርሃንና አየር ያስገባሉ፤ ፀሐዩን ግን በሙሉ አያስገቡም። መሐሉ ክፍት በመሆኑ ብርሃኑ ወደ ውስጠኞቹ ሱቆችም ይደርሳል።

እዚህ ላይ ነገሩ ከውበት ይዘላል። ሲሚንቶና ጠጠር አገር ውስጥ ይገኛል። ቀዳዳ አይሰበርም፤ በየሳምንቱ በገመድ የሚወርድ ጠራጊም አይፈልግም። ሩቅ ሆኖ የሚያየው መንገደኛ ደግሞ ህንጻውን ከሌላው አያምታታውም፤ ለነጋዴ ይህ ራሱ እንደ ታፔላ ያገለግላል።

የገበያ ህንጻ ሲታሰብ የደላሎችም ነገር አይረሳም። ምድር ላይ ያለ ሱቅ ደላላ ሳይለፋበት ይከራያል። የሚያለፋው ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ነው። እዚያ ደንበኛን የሚያወጣው ደረጃው፣ ሊፍቱ፣ ብርሃኑና አየሩ እንጂ የውጭው አንጸባራቂ ፊት ብቻውን አይደለም። የጋለ ክፍል የያዘ ተከራይ ውሉ ሲያልቅ ኪራይ ይቀነስልኝ ይላል፤ አለዚያም ይለቃል። ባዶ የቆየ ፎቅ ደግሞ የመስታወቱን ዋጋ አይመልስም።

ከመፈረም በፊት

ሊገነባም ሊከራይም ላሰበ ሰው ጥቂት ቀላል ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ወደ ምዕራብ የዞረ ክፍል ከሆነ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ገብቶ ሩብ ሰዓት መቆም ነው። ሁለተኛ፣ የላይኛውን ፎቅ ነባር ተከራዮች ስለ ሙቀቱና ስለ መብራት ሒሳባቸው መጠየቅ ነው። ሦስተኛ፣ የተሰበረ መስታወት በማን ወጪ እንደሚተካ በውሉ ላይ በግልጽ ማስፈር ነው። የሚገነባው ባለሀብት ደግሞ አርክቴክቱን፣ “ይህን ፊት በ20 ዓመት ውስጥ ለመጠገን ምን ያህል ያስወጣኛል?” ብሎ ቢጠይቅና መልሱን በጽሑፍ ቢቀበል አይጎዳም።

ክቡ ባንክና የአፍሪካ አዳራሽ ሲሠሩ እንደ ዛሬው ፎቆች አዲስ ፋሽን ነበሩ። ከ60 ዓመት በላይ ኖረው ዛሬም ለማየት የሚያስቆሙ ናቸው። ከአሁኖቹ ፎቆች የትኛው እንዲህ እንደሚዘልቅ የሚታየው ደግሞ የምረቃው ሪባን ተቆርጦ ሃያና ሠላሳ ክረምት ካለፈ በኋላ፣ በላይኛው ፎቅ መስኮት ላይ “የሚከራይ” የሚል ወረቀት መኖር አለመኖሩ ሲጣራ ነው።