አዲሱን ብር አሮጌ የሚያስመስለው ጥቁረት

በመካነ ኢየሱስ ገበያ ሁለት የብር መስቀሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። አንዱ እንደ ወተት ነጭ ነው። ሌላው ጠቁሯል። በሐረጉ መካከል ጥላሸት የመሰለ ነገር ገብቶበታል። ከሩቅ አገር የመጣ ገዢ እጁን ወደ ጥቁሩ ይዘረጋል። «ይኼኛው የጥንት ነው» ብሎ ያስባል። የአገሩ ሰው ግን ነጩን ያነሣል። «ያኛውማ ተበላሽቷል» ይላል። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ጥቁሩ መስቀል ባለፈው ሳምንት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ነጩ ደግሞ የቅድመ አያት ሆኖ ትናንት በአመድ የተፈተገ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ጥቁረቱ ከየት ይመጣል?

ብር እንደ ብረት አይዝግም። ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ነው። ድኝ በአየር ውስጥ በጣም በጥቂቱ አለ። በጭስ ውስጥ አለ። በእንቁላልና በሽንኩርት፣ በሰው ላብም ውስጥ አለ። ድኙ ብሩን ሲያገኘው ከላዩ ስስ ቆዳ ይሠራል። ቆዳው መጀመሪያ ቢጫ ነው። ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል። በመጨረሻ ይጠቁራል። ጭስ በሚበዛበት ቤት የሚውል የአንገት መስቀል ቶሎ የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው። እናቶች ይህን ያለ አስተማሪ ያውቁታል።

አንጥረኛም ያውቀዋል። አንጥረኛ ማለት ወርቅና ብር የሚሠራ ባለሙያ ነው። ከሥራዎቹ ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው የሽቦ ጌጥ ነው። ብሩን በከሰል እሳት በወናፍ ያቀልጠዋል። በመዶሻ ቀጥቅጦ ያረዝመዋል። ከዚያ ብዙ ቀዳዳ ያለው ብረት ያመጣል። ቀዳዳዎቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይሄዳሉ። ብሩን በጉጠት እየሳበ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ያሳልፈዋል። ባሳለፈው ቁጥር ይቀጥናል። ሽቦ ሆኖ ሲያልቅ ይገምደዋል፤ ይጠመዝዘዋል፤ በመስቀሉ ወይም በጉትቻው ላይ ይበይደዋል።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ብሩ ሁሉ እኩል ከነጣ የሽቦው ጥልፍልፍ ለዓይን አይለይም። የተደከመበት ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ጠፍጣፋ ይመስላል። ስለዚህ አንጥረኛው ጎድጎድ ያለውን ቦታ ማጥቆር ይፈልጋል።

ከማጥቆሪያ መንገዶች ሁሉ ቀላሉ እንቁላል ነው። አስቀድሞ ጌጡ በሳሙናና በውኃ በደንብ ይታጠባል። የእጅ ቅባት የቀረበት ቦታ አይጠቁርምና ከታጠበ በኋላ በጣት አይነካም። አንድ እንቁላል ጠንክሮ እስኪበስል ይቀቀላል። ትኩሱን ተልጦ ለሁለት ይከፈልና ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ይገባል። ጌጡ በክር ታስሮ ከእንቁላሉ በላይ ይንጠለጠላል። እንቁላሉን መንካት የለበትም። ጣሳው ይከደናል። ከእንቁላሉ የሚወጣው ድኝ ያለበት ሽታ ሥራውን ይሠራል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተከፍቶ ይታያል። ካልበቃው ሌላ ትኩስ እንቁላል ይጨመራል። እንቁላሉ ከዚያ በኋላ አይበላም።

ጌጡ ከጣሳው ሲወጣ ያስጠላል። ሁለመናው ጥቁር ነው። አይዟችሁ፤ ሥራው አላለቀም። አንጥረኛው እርጥብ ጨርቅ ወስዶ በተነፋ ደቃቅ አመድ ይነክራል። ከፍ ከፍ ያለውን ብቻ ቀስ ብሎ ያሸዋል። ሽቦው ይነጣል። ጎድጓዳው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ጥምዝ ለብቻው ይታያል። ያው መስቀል ሌላ መስቀል የሆነ ይመስላል።

መዳብና ነሐስ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚያረጁት። ጨውና ኮምጣጤ ሲያገኛቸው በአንድ ወይም በሁለት ቀን አረንጓዴ ይሆናሉ። ይህ አረንጓዴ መርዝ ነው። በምግብ ዕቃ ላይ ከታየ ዕቃው ሳይጸዳ ምግብ አይብሰልበት። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ቶሎ ይጥቆርልኝ ብሎ በዝግ ቤት ድኝ የሚያነድድ ሰው ሳንባውን ያቆስላል። የመኪና ባትሪ አሲድ የሚነካካ ደግሞ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። እንቁላሉ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ማታለል ነው ወይ? በእኔ አስተያየት አይደለም። ሸማኔ ጥለቱን በቀለም እንደሚያወጣው ሁሉ አንጥረኛም የሽቦውን ሐረግ በጥቁረት ያወጣዋል። ማታለል የሚሆነው ሻጩ አፉን ከፍቶ «የመቶ ዓመት ነው» ሲል ነው። ያን ጊዜ ገዢው ለሌለ ዕድሜ ይከፍላል። አንድ ቀን ሲነቃ ደግሞ የእውነተኛውንም አንጥረኛ ዕቃ አያምንም። ጉዳቱ ለባለሙያው ሁሉ ይተርፋል።

ስለ ዕድሜ ከተነሣ ጠገራ ብርን ሳናነሣ አናልፍም። በብዙ ቤት ያለው የድሮ ጌጥ ከእርሱ ቀልጦ የተሠራ ነው። በላዩ ያለው መልክ የማሪያ ቴሬዛ ነው። የኦስትሪያ ንግሥት ነበሩ። አንዱ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ስድስት ቦታ ቢከፈል አምስቱ እጅ ብር ነው፤ አንዱ እጅ ሌላ ማዕድን ነው፤ ይኸውም በብዛት መዳብ ነው። በላዩ 1780 የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ንግሥቲቱ የሞቱበት ዓመት ነው። ነገር ግን ከሞቱ በኋላ ከ150 ዓመት በላይ ይኸው ብር ይታተም ነበር። በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ታትሟል። ቁጥሩ ግን ያው 1780 ነው። ነጋዴው የለመደውን መልክ እንጂ ሌላውን አልቀበልም ይል ስለነበር አልለወጡትም። ስለዚህ በብር ላይ የተጻፈ ዓመት እንኳ ዕድሜን በትክክል አይናገርም። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ጠገራ ብር ከገበያ እየወጣ ሄደ። ብዙው አንጥረኛ እሳት ውስጥ ገባ።

እንግዲያስ ዕድሜ በምን ይታወቃል? በመበላት ነው። የመስቀሉን ማንጠልጠያ ቀለበት እዩ። ለብዙ ዓመት ክር ያሸው ቀለበት ክሩ በሚያርፍበት በኩል ይሳሳል። ጠርዙን በጣት ዳብሱ። የቆየ ጠርዝ ልሙጥ ነው። ከገላ ጋር የሚነካካው ጀርባም ይለሰልሳል። ብልጥ ሻጭ ቀለበቱን በሞረድ ሊያሳሳው ይችላል። በሞረድ የሳሳ ግን በአንድ አቅጣጫ የሄደ ጭረት ይታይበታል። ጥቁረቱ ከፍ ባለውም በጎድጓዳውም እኩል ከሆነ ደግሞ ጌጡ በሰው አንገት ላይ አልዋለም ማለት ነው፤ ወይም ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ኖሯል።

አሁን ነገሩን ገልብጠን እንየው። ከጋይንትም ሆነ ከስማዳ ወደ ገበያ የሚመጣ ሰው የአያቱን ድሪ ወይም አልቦ ይዞ ይሆናል። ጠቁሯል ብሎ ንቆታል። በሚያብረቀርቅ አዲስ ጌጥ ሊለውጠው ይፈልጋል። ነገር ግን ያ አዲስ ጌጥ ብር ላይሆን ይችላል። የአያቱ ድሪ ደግሞ በጥቁረቱ ሥር ዛሬ በቀላሉ የማይገኝ የእጅ ሥራ ይኖረው ይሆናል። በአሸዋ ፈትጋችሁም አታንጡት። አሸዋ የሽቦውን ሐረግና የባለሙያውን ጭረት ይበላል። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል።

የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ከሆነ ጉዳዩ ከባድ ነው። በ1989 ዓ.ም. አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ የወርቅ መስቀል ተሰርቆ ከአገር ወጥቶ ነበር። 7 ኪሎ ያህል የሚመዝን ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከቤልጅየም ተመለሰ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። «ይህ አሮጌ ነው፤ ለምን አትሸጡልኝም?» የሚል ሰው ሲመጣ አስቀድሞ ለካህናቱና ለወረዳው የባህል ሠራተኞች ይነገር።

ለቤት ጌጥ የሚጠቅም አንድ ቀላል ሥራ አለ። ማንበብና መጻፍ ለተማረ ሰው አይከብድም። ጌጡን ወደ ገበያ ከማውጣታችሁ በፊት በሚዛን አስመዝኑት። የቤቱን ሽማግሌ ወይም አሮጊት ጠይቁ። ከዚያ በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከጌጡ ጋር በሙዳዩ ውስጥ አስቀምጡ። አንጥረኛም አዲስ ለሚሸጠው ጌጥ እንዲሁ ጽፎ ቢሰጥ ገዢው ያምነዋል። አጻጻፉ እንዲህ ነው፦

«የእናቴ እናት ድሪ። ለሠርጓ ከአባቷ የተሰጠ። ከሦስት ጠገራ ብር ተቀልጦ የተሠራ። ክብደቱ 80 ግራም። አንዱ ዘለበት ተሰብሮ ተበይዷል።»