የማኪያቶው ዋጋና የአስተናጋጇ ሕክምና

በምይዛቸው የሂሳብ መዝገቦች ውስጥ «የሠራተኛ ሕመም» የሚል ርዕስ የለም። ሕመሙ ግን አለ። አንዳንዴ «የሠራተኛ ብድር» ተብሎ ይገባል፤ አስተናጋጇ ታይፎይድ ሲይዛት ከባለቤቱ የወሰደችው ብር ነው፣ ለወራት ከደመወዟ ይቆረጣል። አንዳንዴ «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ ይሸጎጣል፤ ዳቦ ጋጋሪው እጁ ሲቃጠል የተከፈለው የባጃጅና የፋሻ ዋጋ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጨርሶ አይመዘገብም። ሠራተኛው ታሞ ሳምንት ይቀራል፣ በቦታው ሌላ ሰው ይገባል፣ የወሩ ፔሮል ሲመጣ ስሙ ተሰርዟል።

እንጅባራ ውስጥ የካፌ፣ የዳቦ ቤትና የሆቴል ሂሳብ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ዋጋ ሊተምኑ ሲሉ ወጪያቸውን አብረን እንደምራለን፤ ወተት፣ ስኳር፣ ኪራይ፣ መብራት፣ ደመወዝ፣ ግብር። የሠራተኛ የጤና መድን ይጨመርበት ሲባል ሁሉም አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፤ «እሱን ደግሞ ማን ሊከፍለው ነው? ደንበኛው?» መልሴ አጭር ነው። አዎ፣ ደንበኛው ይክፈል። ግን የሚከፍልበት መንገድ ወሳኝ ነው፤ ጡረታ እንደሚከፈለው በዋጋው ውስጥ ይግባ፣ በሁሉም ነጋዴ ላይ እኩል ይጣል፣ ብሩም በሠራተኛው ስም መድረሱ በደረሰኝ ይታይ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ደንበኛው ባይከፍል ይሻላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ለመደበኛ ተቀጣሪዎች የወጣ ነው፤ ሐሳቡም ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ሌላ 3 በመቶ እንዲያዋጡ ነበር። አተገባበሩ ተደጋግሞ ተላለፈ። ሠራተኛው ደመወዜ ይቀነሳል ብሎ ተቃወመ፣ አሠሪውም ወጪ ተጨመረብኝ ብሎ አጉረመረመ። በዚያው ሰሞን፣ በ2003 ዓ.ም.፣ ለገበሬውና ደመወዝ ለሌለው የከተማ ነዋሪ የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። በአማራ ክልል የተመረጡት ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ደቡብ አቸፈር ጎረቤታችን ነው፤ ዳንግላን አልፎ ዱርቤቴ ሲገባ ያለው አገር። የዚያ አገር ገበሬ በዓመት አንዴ መዋጮውን ከፍሎ ካርዱን ይዞ መታከም ሲጀምር፣ የከተማው ደመወዝተኛ ከኪሱ እየከፈለ መታከሙን ቀጠለ።

በሁለቱ መድኖች መሀል የወደቀው ሠራተኛ ነው እንጅባራ ውስጥ በየቀኑ የማገኘው። ከአንከሻ ወይም ከዚገም መጥታ ካፌ የተቀጠረችን የ19 ዓመት ልጅ እንውሰድ። አባቷ የመድን ካርድ አለው፤ ካርዱ በመደበኛው መዋጮ የሚሸፍነው ግን የትዳር ጓደኛንና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው። ካርዱ የሚሠራውም ወረዳው ውል ባሰረባቸው ጤና ተቋማት ነው፤ እሷ ደግሞ የምትታመመው እዚህ ነው። በራሷ ስም እንዳትመዘገብ የምትኖረው ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በተከራየችው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ ቀበሌው አያውቃትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜዋን ከጨረሰች የሕመም ፈቃድ ይሰጣታል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ሕክምናው የአሠሪው ግዴታ ነው። ለታይፎይዱ፣ ለኩላሊቱ፣ ለአስሙ ግን አዋጁ ጊዜ ይሰጣታል እንጂ መድኃኒት አይገዛላትም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልግባ፤ እንጀራዬም እሱ ነው። አሥር ሠራተኛ ያለው ካፌ እንበል፣ አማካይ ደመወዝ በወር 3,500 ብር። ጠቅላላው 35,000 ብር ነው፤ የአሠሪው 3 በመቶ 1,050 ብር ይሆናል። ካፌው በቀን 200 ትዕዛዝ ቢያስተናግድ በወር 6,000 ነው። 1,050 ለ6,000 ሲካፈል በአንድ ስኒ 17 ሳንቲም ተኩል ይደርሳል። የሠራተኛውንም 3 በመቶ ደንበኛው ይሸከም ቢባል 35 ሳንቲም። በአንድ ማኪያቶ 35 ሳንቲም የሚያማርር ሰው እንጅባራ ውስጥ አላገኘሁም። በ2012 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የአሜሪካው ፓፓ ጆንስ ፒዛ ሥራ አስኪያጅ አዲሱ የጤና መድን ሕግ በአንድ ፒዛ ከ11 እስከ 14 ሳንቲም ያስጨምረኛል ሲሉ ብዙ ደንበኛ «ታዲያ ይቺ ምን አላት?» ያለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሂሳቡ ከወረቀት ወደ ሜኑ ሲሻገር ነው። ሳንቲም ከገበያ ጠፍቷል። ማኪያቶ በ35 ሳንቲም አይጨምርም፤ ሲጨምር በ5 ብር ነው። 5 ብር በ6,000 ሲባዛ 30,000 ብር ነው። ለመድኑ የሚያስፈልገው 2,100 ብር ከሆነ ቀሪው 27,900 ብር የሠራተኛ ጤና ስም ተሸክሞ ወደ ካዝና ገባ ማለት ነው። ደንበኛው ይህን ሂሳብ ቁጭ ብሎ አይሠራውም፣ ግን ይሸተዋል። «ለሠራተኛ ነው» የተባለ ጭማሪ ሲሰማ ፊቱን የሚያኮሳትረው ንፉግ ስለሆነ አይደለም።

ይህን ጨዋታ ከዚህ በፊት በሰርቪስ ቻርጅ አይተነዋል። በትልልቅ ሆቴሎች ቢል ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል፣ በላዩ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። ደንበኛው 10 በመቶው ለአስተናጋጆቹ ይመስለዋል፤ ስለዚህም ጉርሻውን ይቀንሳል ወይም ይተወዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከደንበኞች የሚሰበሰበውን የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ አይቆጥረውም። ስለዚህ ፔሮል ላይ አይታይም፣ የጡረታ መዋጮም አይታሰብበትም። ያየሁት አንድ መዝገብ ላይ ሰርቪስ ቻርጁ ከሽያጭ ገቢ ጋር ተደምሮ ተቀምጧል፤ ለሠራተኛ የተከፋፈለበት ሰነድ ፈልጌ አጣሁ። ባለቤቱን ስጠይቅ «ከሱ ነው ደመወዝ የምከፍላቸው» አለኝ።

የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ከተማዋ በ2006 እንደ ፈረንጆቹ ባወጣችውና በ2008 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት 20ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች በሠራተኛ የሥራ ሰዓት ልክ ለጤና ወጪ እንዲያደርጉ ተገደዱ። ብዙ ምግብ ቤቶች ወጪውን በቢሉ ግርጌ አንድ መስመር ጨምረው፣ 3 ወይም 4 በመቶ አድርገው፣ ከደንበኛው ሰበሰቡ። በ2013 የከተማዋ ዐቃቤ ሕግ ሲመረምር አንዳንዶቹ በጤና ስም የሰበሰቡት ለጤና ካወጡት እንደሚበልጥ ታወቀ፤ ትርፉንም እንዲመልሱ ተደረገ። ኮምፒውተርና ተቆጣጣሪ በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ዘንድ በቢል ግርጌ የሚጻፍ «ለጤና» የት እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም።

ጡረታን ተመልከቱ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በ2003 ዓ.ም. ሲመጣ አሠሪው ተጨማሪ ወጪ አገኘው። ዛሬ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ይከፍላሉ። ድምሩ ከመድኑ 6 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ነው። ማኪያቶ ስትጠጡ ቢሉ ላይ «ጡረታ 11 በመቶ» የሚል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዋጋው ውስጥ ነው ያለው። ደንበኛው ይከፍለዋል፣ አያየውም፣ አይጣላበትም። እኔ በየወሩ የሠራተኞቹን ስም፣ ደመወዝና መዋጮ በዝርዝር አዘጋጅቼ አስገባለሁ፤ ጋጋሪው ጥርጣሬ ቢገባው የራሱን መስመር ማየት ይችላል። የጤና መድንም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ በፔሮሉ ላይ ከጡረታ ቀጥሎ አንድ ተጨማሪ ዓምድ፣ በየስሙ።

ግዴታው የሁሉም መሆን ያለበትን ምክንያት ካፌ ያላቸው አንዲት እናት በደንብ ነግረውኛል። «እትዬ፣ ለልጆቹ መድን ቢገባላቸውስ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔ ምን ገዶኝ» አሉ፣ «እኔ ብቻዬን ዋጋ ብጨምር ግን ደንበኛው ማዶ ይሻገራል። የማዶው ባለቤት ለሠራተኛ ጡረታ እንኳ አይከፍልም፣ ደንበኞቹ ግን ማኪያቶው ካንቺ ይረክሳል ይሉኛል።» ልክ ናቸው። በፈቃድ የሚደረግ መድን ደጉን ነጋዴ ይቀጣል፣ ሌላውን ይሸልማል። ሁሉም ላይ እኩል ሲጣል ብቻ ነው ፉክክሩ በቡናው ጣዕም የሚሆነው።

ደንበኛውስ ሀብታም ነው ወይ የሚለው ከባዱ መከራከሪያ ነው። የእንጅባራ ካፌ ደንበኛ መምህር፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዘይቱም መድኃኒቱም ዘልሏል፤ የመምህሩ ደመወዝ ግን እንደዚያ አልዘለለም። ለዚህ ሰው «የሌላ ሰው ሕክምናም ክፈል» ማለት ይከብዳል። ነገር ግን ይህ ሰው አሁንም እየከፈለ ነው። አስተናጋጇ ስትታመም ካፌው ባንኮኒ ላይ ፖስታ ይቀመጣል፣ አጠገቡ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት፦ «ለእህታችን ማሳከሚያ»። ዘበኛው 20 ብር ብሎ ይጽፋል፣ ባሬስታው 100፣ ጠዋት ጠዋት የሚመጣው መምህር 200። ማን ስንት እንዳዋጣ ሁሉም ያያል፣ ያላዋጣውም ይታያል። ልጅቷ ስሟ ባንኮኒ ላይ ተለጥፎ ስትታከም ቀና ብላ መሄድ ያቅታታል። መምህሩ በአንድ ወረቀት ያዋጣው 200 ብር ከ570 በላይ ማኪያቶ ላይ የሚከፈል 35 ሳንቲም ነው፤ በቀን አንድ ቢጠጣ ከዓመት ተኩል በላይ ይወስድበታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይህንን ነው።

እድር አለ የሚሉኝም አሉ። እድር ትልቅ ነገር ነው፤ ድንኳኑም ወንበሩም ይደርሳል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ካፌው ፔሮል ስላለው ሂሳቡ ይቀላል። ዞናችን ግን በዋናነት የሚሸጠው ማኪያቶ አይደለም። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲሄዱ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ በፋግታ ለኮማም በባንጃም፣ ግራ ቀኙ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ነው። ገበሬው አሲዳማ በሆነው መሬቱ ላይ ችግኙን ከእህል ጋር ይተክላል፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ይቆርጠዋል፣ ከሰል ሆኖ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ግንዱን የሚከምረው፣ በቅጠልና በአፈር የሚያለብሰው፣ እሳቱ እንዳይፈነዳ ቀንና ሌሊት ጢሱ ውስጥ የሚጠብቀው፣ ትኩሱን ጎትቶ ኬሻ የሚሞላው ብዙውን ጊዜ ወጣት የቀን ሠራተኛ ነው። ሲያስል አክታው ጥቁር ነው። ውል የለውም፣ ጡረታ የለውም፤ 3 በመቶ የሚሰላበት ደመወዝም የለውም፣ የሚከፈለው በኬሻ ነውና።

ለእሱ የሚሆነው ማኅበረሰብ አቀፉ መድን ነው። አንድ ሠራተኛ በዓመት 300 ኬሻ ቢያወጣና የቤተሰቡ የዓመት መዋጮ 1,200 ብር ቢሆን በኬሻ 4 ብር ይደርሳል። አዲስ አበባ ለዶሮ ወጥ ከሰል የምትገዛ እናት 4 ብሩን አታውቀውም። ዳሩ ከእንጅባራ እስከ አዲስ አበባ ሰብሳቢ፣ ጫኝ፣ አከፋፋይና ቸርቻሪ አለ፤ 4 ብሩ በየእጁ እየተጠጋጋ ሄዶ እዚያ ሲደርስ 40 ሊሆን ይችላል፣ ጢስ ውስጥ ያደረው ልጅ ደግሞ አንዱንም ላያየው ይችላል። ስለዚህ ብሩ መቆረጥ ያለበት ከሰሉ ሲጫን ነው፤ ነጋዴው ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ በሠራተኛው ስም ለቀበሌው ከፍሎ ደረሰኙን ከጭነቱ ሰነድ ጋር ያያይዝ።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሠራተኞቹ ከራሳቸው ይመጣል፤ «ካርዱ ቢኖርስ፣ መድኃኒቱ ከውጭ ግዙ እንባላለን።» ይህ እውነት የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ደንበኛው በዋጋ ከፍሎ፣ ሠራተኛውም ከደመወዙ ከፍሎ፣ መጨረሻ ላይ የግል ፋርማሲ በር ላይ ዳግመኛ የሚከፈል ከሆነ ሁለቱም ተታለዋል። ስለዚህ የመድን መዋጮና የመድኃኒት መደርደሪያ አብረው መሙላት አለባቸው። ግን መደርደሪያው እስኪሞላ መዋጮው ይቆይ የሚለውን አልቀበለውም፤ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛው ከመድኑ ከሚመለስለት ብር ጭምር ነውና፣ መዋጮ ሲጠፋ መደርደሪያው ይበልጥ ይራቆታል።

በፔሮሉ ላይ ያ ዓምድ እስኪመጣ ለደንበኞቼ የምሰጠው ምክር ይህ ነው። ሠራተኞቻችሁ የቀበሌ መታወቂያ እንዲያወጡና በሚኖሩበት ቀበሌ ለመድኑ መመዝገብ የሚችሉት እንዲመዘገቡ አግዙ። መዋጮውን ድርጅቱ ይክፈል፤ ደረሰኙ በሠራተኛው ስም ይቆረጥ፣ ቅጂው ለእኔ ይምጣ። «የሠራተኛ ጤና መድን» ብዬ ራሱን የቻለ የሂሳብ መደብ እከፍትለታለሁ፤ «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ አይደበቅም። ዋጋ መጨመር ካለባችሁም ጨምሩ፤ ምክንያቱ ወተት ከሆነ ወተት በሉ፣ ኪራይ ከሆነ ኪራይ በሉ። በሠራተኛ ጤና ስም የጨመረ ነጋዴ ግን ደንበኛው ደረሰኙን ቢጠይቀው ሊያሳየው ይገባል። እናንተም ደንበኞች ጠይቁ፤ የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ።