«ቅዱስ ገብርኤል» የተባለችው መርከብ

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ የመልአኩን ብሥራት በስሙ የያዘው የብሥራተ ገብርኤል ሰፈር ምእመን፣ ታኅሣሥ 22 ቀን የሚውለውን በዓል ሲያስብ፣ በዓሉን ሠራ ተብሎ በስንክሳርና በተአምረ ማርያም የሚወደሰውን የጥልጥልያውን ኤጲስ ቆጶስ ደቅስዮስንም አብሮ ያስባል፤ ሊቃውንትም ጥልጥልያ የተባለችው ከተማ በእስጳንያ ምድር የምትገኘው ቶሌዶ መሆኗን ያስረዳሉ። ስለዚህ የአይቤርያ ልሳነ ምድር ዜና ወደ ኢትዮጵያ አስቀድሞ የደረሰው በብራና ተጽፎ ነው። ከዘመናት በኋላ ግን ከዚያው ልሳነ ምድር የመጣው መድፍ የጫነ መርከብ ሆነ፤ መንገዱን የከፈተችውም መርከብ የዚሁ የሊቀ መልአክ ስም ተሰጥቷት ስለ ነበር፣ እንዴት እንደ ተሠራችና በእኛም ባሕር ዳርቻ ምን እንዳስከተለች ለአንባቢ ማስተዋወቅ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዓመታቱን የጻፍሁት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሳዎ ገብሪኤል፣ ማለት ቅዱስ ገብርኤል፣ በፖርቱጋል ንጉሥ በማኑኤል ትእዛዝ ወደ ሕንድ ለሚደረግ አንድ ጉዞ ተብላ ከእኅቷ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር የተሠራች መርከብ ነበረች፤ ሥራዋንም የተቈጣጠረው በ1488 የአፍሪካን ደቡብ ጫፍ ዞሮ የተመለሰው ባርቶሎሜዎ ዲያስ ነበር። ግዙፍ አልነበረችም፤ ርዝመቷ ሠላሳ ሜትር እንደማይሞላ ይገመታል። ከሦስቱ ደቀሎቿ በፊተኛውና በመካከለኛው ላይ የክርስቶስ ማኅበር ቀይ መስቀል የተሣለባቸው ባለ አራት ማዕዘን ሸራዎች ተወጥረው ከኋላ የሚመጣውን ነፋስ ሲቀበሉ፣ በኋለኛው ደቀል ላይ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ደግሞ ነፋሱ ከጎን በመጣ ጊዜ መርከቢቱ አቅጣጫዋን እንዳትስት ይረዳ ነበር። የጎኗ ሳንቃዎች ጠርዝ ለጠርዝ ተገጣጥመው በብረት ሚስማር ከውስጥ አጥንቶቿ ጋር ተመትተዋል። በሕንድ ውቅያኖስ ይመላለሱ የነበሩት ብዙዎቹ መርከቦች ግን ሳንቃቸው በኮኮናት ገመድ የተሰፋ ነበር፤ ይህም ለማዕበል የሚተጣጠፍ ጥበብ ሆኖ ሳለ፣ መድፍ በተተኰሰ ቍጥር ወደ ኋላ የሚመታውን ኀይል ለመሸከም አይመችም። የዚያ ዘመን የባሕር ታሪክ ምስጢር አንዱ በዚህ በሚስማርና በገመድ ልዩነት ውስጥ ይገኛል።

አለቃው ቫስኮ ዳ ጋማ በሐምሌ ወር 1497 በአራት መርከቦች ከሊዝቦን ሲነሣ፣ አብረውት የነበሩት ሰዎች መቶ ሰባ ያህል ነበሩ። ከኬፕ ቬርዴ ደሴቶች በነሐሴ ወር ከተለዩ በኋላ የአፍሪካን ዳርቻ ተከትለው መውረድን ትተው፣ ነፋሱ ወደሚወስዳቸው ወደ ምዕራብ በሰፊው ዞረው፣ ከዘጠና ቀን በላይ መሬት ሳያዩ ሄዱ፤ ከአምስት ዓመት በፊት ኮሎምቦስ ከካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ አዲሱን ዓለም ያየው ከአርባ ባነሰ ቀን ውስጥ መሆኑን ያስታወሰ ሰው የዚህን ጉዞ ብርታት ይመዝናል። በኅዳር ወር መሬት በነኩ ጊዜ ዳ ጋማ በየብስ ላይ ታላቅ የእንጨት አስጥሮላብ አስተክሎ የፀሐይን ከፍታ ለካ፤ የመርከብ መናወጥ ልኩን ያሳስት ነበርና። ከዚህም ልክ ላይ ምድሪቱ ከምድር ወገብ ያላትን ርቀት ለማወቅ ያገለገለው፣ አይሁዳዊው የከዋክብት ሊቅ አብርሃም ዛኩቶ ያዘጋጀው ሠንጠረዥ ነበር። የባሕረ ሐሳብ መምህሮቻችን በዓላትንና አጽዋማትን በሚያሰሉበት በዚያው ዘመን፣ በሰማይ አካላት የሚደረገው ስሌት በሌላው አገር የመርከብ መሪ ሆኖ ነበር።

በሞዛምቢክ ደሴት የካህኑ ንጉሥ የዮሐንስ ግዛት ወደ ውስጥ እንዳለ በሰሙ ጊዜ መርከበኞቹ በደስታ እንዳለቀሱ በጉዞው ማስታወሻ ተጽፏል። አውሮፓውያን በዚህ ስም የሚፈልጉት የእኛን ንጉሠ ነገሥት ነበር፤ ሕንድንና ኢትዮጵያን መፈለግ ለእነርሱ አንድ ሥራ ነበር። ከማሊንዲ በሚያዝያ 1498 መንገድ የሚያውቅ መሪ ተሰጥቷቸው፣ የአዱሊስ ነጋዴዎች ከሺህ ዓመት በፊት ያውቁት በነበረው በወራት በሚለዋወጠው ነፋስ ተገፍተው፣ በግንቦት ወር የሕንድ ከተማ ካሊኩት ደረሱ። የነፋሱን ወራት ንቀው በመጡበት ሲመለሱ ግን ያው ውቅያኖስ ሦስት ወር ያህል ፈጀባቸው፤ ድድን የሚያሳብጥና ሰውነትን የሚያዝል ስከርቪ የተባለው በሽታም ሠላሳ ያህል ሰው ገደለባቸው። ቅዱስ ሩፋኤልን የሚነዳ ሰው ቢያጡ በአፍሪካ ዳርቻ አቃጠሏት።

በካሊኩት የሆነው ነገር ግን ከጉዞው ሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ነው። ዳ ጋማ ለከተማይቱ ንጉሥ ገጸ በረከት ብሎ ያዘጋጀው ባለ መስመር ጨርቅ፣ ባርኔጣ፣ ጥቂት ዛጐል መሰል መርጃን፣ የእጅ መታጠቢያ ሳህን፣ ስኳር፣ ዘይትና ማር ነበር፤ የንጉሡም ሹማምት ይህን አይተው ሳቁ፤ ከመካ የሚመጣ ድኻ ነጋዴ እንኳ ከዚህ የተሻለ ያመጣል አሉት። ቁንዶ በርበሬ፣ ቀረፋና ዝንጅብል ለሞላበት ገበያ አውሮፓ የምታቀርበው የተወደደ ሸቀጥ አልነበራትም። ታዲያ ዋጋ ያልከፈለችበትን ነገር የምታገኝበትን ዘዴ በመርከቧ ጎን ላይ ባለው መድፍ አገኘችው። በ1502 በሁለተኛው ጉዞው ዳ ጋማ ከመካ የሚመለሱ ብዙ ሰዎችን፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር የጫነች መርከብ ማርኮ ከነሰዎቿ አቃጠለ። መስቀል በሸራው ላይ አድርጎ ይህን የፈጸመ ሰው የክርስትናን ስም ክፉኛ በድሏል ብዬ እፈርዳለሁ። ከዚያ ወዲህ በሕንድ ውቅያኖስ የሚሄድ ነጋዴ ካርታዝ የተባለ የይለፍ ወረቀት ከፖርቱጋሎች እየገዛ በምሽጎቻቸው ቀረጥ እንዲከፍል ታዘዘ፤ ወረቀቱን ያልያዘ መርከብ ይማረክ ነበር። የማንም ያልነበረው ባሕር ባለ ይዞታ ተገኘለት፤ የዓለም ንግድና ሥልጣን የተለወጠው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ነው።

ከዚህ በፊት የሕንድ ቅመም በኤደንና በጅዳ አልፎ በካይሮና በእስክንድርያ በኩል ወደ ቬኒስ ይሄድ ስለ ነበር፣ የግብፅ መምሉካውያን ኑሮ ከዚሁ ቀረጥ ጋር የተያያዘ ነበር። በ1509 መርከቦቻቸው በዲዩ በፖርቱጋሎች ድል ሆኑ፤ በ1517 ደግሞ ግዛታቸው በኦቶማን ቱርክ እጅ ወደቀ። ፖርቱጋሎችም ቢሆኑ ባሕረ ኤርትራን መዝጋት አልቻሉም፤ በ1513 ኤደንን ወግተው ሳይዙ ተመለሱ፤ በምእተ ዓመቱ አጋማሽም ቁንዶ በርበሬው እንደ ገና በካይሮ ያልፍ ጀመር። የቀረው ጦርነቱ ነበር፤ ጦርነቱም የእኛን በር ሜዳው አደረገው።

እቴጌ እሌኒ ይህን ቀድመው አስተውለው ነበር፤ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ልከው እርሱም በ1514 ሊዝቦን ደረሰ። በ1520 የፖርቱጋል መርከቦች ምጽዋ መጥተው መልእክተኞቹን ባወረዱ ጊዜ፣ ከእነርሱ ጋር የመጣው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ዳ ጋማ ገና ሳይነሣ በየብስ ተልኮ ኢትዮጵያ ገብቶ እንዳይወጣ የተከለከለውን አረጋዊ ፔሮ ዳ ኮቪልያን በሕይወት አገኘው። አልቫሬዝ እንደሚተርከው፣ ዐፄ ልብነ ድንግል የዓለምን ካርታ አይተው ፖርቱጋልና እስጳንያ ትንንሽ መሆናቸውን ካስተዋሉ በኋላ፣ ባሕሩን ከቱርክ ለመጠበቅ አንድ ንጉሥ ስለማይበቃ የፖርቱጋል፣ የእስጳንያና የፈረንሳይ ነገሥታት በምጽዋ፣ በሱአኪንና በዘይላ ምሽግ ተከፋፍለው እንዲሠሩ ሐሳብ አቀረቡ። ሦስቱን ወደቦች በስም መጥራታቸው ነገሩን በትክክል መረዳታቸውን ያሳያል፤ ጐድሎ የነበረው በአዱሊስ ዘመን የነበረን የራስ መርከብ ነው፤ ምሽግ ሠሪ ሆነው የታሰቡትም ሌሎች ነበሩ።

የሆነው ሁሉ የታወቀ ነው። ግራኝ የተባለው ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በ1529 በሽምብራ ኩሬ ድል ካደረገ በኋላ በቱርክ ጠመንጃና ጠመንጃ ያዦች ተረዳ፤ በ1541 ከምጽዋ ወደ ደጋ የወጡት አራት መቶ ፖርቱጋሎች አለቃ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቮ ነበር። በ1542 በወፍላ ተሸንፎ ተማርኮ ተገደለ። በየካቲት 1543 ዐፄ ገላውዴዎስ ከተረፉት ጋር ሆነው በወይና ደጋ ኢማሙን ድል አደረጉ። ቱርክ ግን በ1557 ምጽዋን ያዘች።

በትምህርት ቤቶቻችን የፖርቱጋሎች ነገር የሚነገረው ከሃይማኖት ክርክርና ከግራኝ ጦርነት ጋር ብቻ ተያይዞ ነው፤ ነገሩ ግን የወደብ፣ የቀረጥና የመርከብ ሥራ ጥያቄ ነበር። ስለዚህ የታሪክ ተማሪዎቻችን በሊዝቦን በቶሬ ዶ ቶምቦ ቤተ መዛግብት የተጠበቀውን የዚያን ዘመን ጽሕፈት ከዜና መዋዕሎቻችን ጋር እያስተያዩ፣ ይህን ዘመን ከባሕሩ ወገን ሆነው እንዲመረምሩልን እለምናለሁ።