ጠበኛ ዓሣ ከማን ጋር ይኑር?

በጣና ሐይቅ ቆሮሶ፣ አምባዛና በሳይንሳዊ ስማቸው ላቢዮባርበስ የሚባሉት ትልልቅ ዓሦች አብረው ይኖራሉ። ተመራማሪዎች በሐይቁ ከለዩአቸው 15 ያህል የላቢዮባርበስ ዝርያዎች መካከል 8ቱ ሌሎች ዓሦችን የሚመገቡ ናቸው። አዳኝና ታዳኝ በአንድ ሐይቅ ይህን ያህል ዘመን ሲዘልቁ፣ ሁለት ወንድ ቆሮሶዎች በአንድ የመስታወት ገንዳ ውስጥ መስማማት የሚያቅታቸው ስለ ምን ይሆን?

ጠቡን የሚያባብሰው የዓሣው ጠባይ ብቻ ሳይሆን የቦታው ጥበት ጭምር ነው። ወንድ ቆሮሶ የመራቢያ ጊዜው ሲደርስ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ አሸዋ በአፉ እየዛቀ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል፤ የሚቀርበውንም ሌላ ወንድ ያባርራል። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሰፋው ጣና ተሸናፊው ይሸሻል፤ ጠቡም በዚያው ያበቃል። በገንዳ ውስጥ ግን መሸሻ የለም። ተሸናፊው ጥግ ይይዛል፣ ክንፉ ይቀደዳል፣ ምግብ ይተዋል፣ ብዙ ጊዜም ይሞታል።

በመሆኑም የገንዳ ባልንጀራ ሲመረጥ የሚከተሉትን ነጥቦች ማጤን ይገባል።

አንደኛው መጠን ነው። አምባዛ አፉ የሚችለውን ዓሣ ሁሉ ይውጣል። የዓሣ አርቢዎች ይህንን ጠባይ ይጠቀሙበታል፤ ቆሮሶ ከመጠን በላይ ተራብቶ እንዳይቀጭጭ፣ ጫጩቶቹን የሚበላ አምባዛ በኩሬው ይጨምራሉ። በገንዳ ውስጥ ግን ዛሬ እኩያ የሆነው አምባዛ ፈጥኖ ስለሚያድግ ነገ ባልንጀራውን ሊውጥ ይችላል።

ሁለተኛው መመሳሰል ነው። ዓሣ አብዝቶ የሚጣላው በመልክ፣ በመኖሪያና በምግብ ከሚመስለው ጋር ነው። ስለሆነም ወለሉን ለሚጠብቅ ዓሣ፣ በመጠን የሚስተካከለውና በውኃው መካከል የሚዋኝ ባልንጀራ ይሻለዋል።

ሦስተኛው ፆታ ነው። አንድ ወንድ ቆሮሶ ከሁለት ወይም ከሦስት ሴቶች ጋር ሲሆን ቁጣው በአንዷ ላይ ብቻ አያርፍም። መደበቂያ ድንጋዮችን መደርደርና ዓሦቹን በአንድ ጊዜ ማስገባትም ቀድሞ የገባው ቦታውን ሁሉ የራሱ እንዳያደርግ ይረዳል።

እንደ መካነ ብርሃን ባለው ደጋ ደግሞ የውኃው ቅዝቃዜ መዘንጋት የለበትም። ቆሮሶ የሞቀ ውኃ ዓሣ በመሆኑ በብርድ ይደክማል፤ የደከመም ዓሣ ለጥቃት ይጋለጣል።

ምርጫው ባይሰምር ዓሦቹን መለየት እንጂ ከውጭ የመጣን ዓሣ ወደ ወንዝ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም። የጎንደር ጅረቶች በመገጭ በኩል ጣና ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተለቀቀው የናይል ፐርች በመቶዎች ለሚቆጠሩ የሐይቁ ዝርያዎች መጥፋት ዋነኛ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው። አብዛኞቹ የጣና ላቢዮባርበሶችም በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅ በቀር መኖሪያ የላቸውም።